ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠችው ሰርቨር

ባለፈው ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠችውን ላፕቶፕ ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ በጥያቄ ተሞልቷል። "ቲቸር ምንድን ናት?" "ስንት ብር ትፈጃለች?" "ያለ ኔት ዊኪፒዲያ እንዴት ይከፈታል?" ለእያንዳንዱ መመለስ ስላልቻልኩ አንድ ላይ እጽፈዋለሁ። ረዘም ይላል፤ ቡና እየተፈላ አንብቡት።

መጀመሪያ ቃሉን እናቅልለው። ሰርቨር ሲባል ክፍል ሙሉ የሚያጉረመርም ማሽን የሚታያችሁ አላችሁ። አይደለም። ሌላ መሣሪያ ሲጠይቀው የሚመልስ ኮምፒውተር ሁሉ ሰርቨር ነው። የእኔዋ ያገለገለች ቲንክፓድ ናት፤ ኮር አይ ፋይቭ፣ አራተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም። ስክሪኗ ተሰንጥቋል፣ ከኪቦርዷ ሁለት ቁልፎች የሉም። በርካሽ የተገኘችው ለዚህ ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ስክሪንም ኪቦርድም አያስፈልጋትም። ደቢያን የሚባለውን ነፃ ሊኑክስ ጫንኩባት። አጠገቧ ተራ የዋይፋይ ራውተር አለች፤ ከኢንተርኔት ጋር ያልተገናኘች። ስልኩን ከዋይፋዩ ጋር ያገናኘ ሰው ብሮውዘር ከፍቶ አንድ አድራሻ ሲጽፍ ላፕቶፗ ትመልስለታለች። በቃ ይሄው ነው። እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የአይሲቲ አስተማሪ ነኝ እንጂ የኔትወርክ ኢንጂነር አይደለሁም፤ እኔ ከሠራሁት እናንተም ትሠሩታላችሁ።

"ኔት ከሌለው ምን ዋጋ አለው?" ለምትሉ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ወደ ፕላዝማ።

የእኔ እኩዮች ታስታውሳላችሁ። በ1997 ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ክፍል ውስጥ ጠበቀን። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ የአነጋገር ቃናው የደቡብ አፍሪካ። የእኛ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ መሃሉ የፕላዝማው ነው። ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስ "ቬሪ ጉድ!" ይላል። ስልሳ ምናምን ሆነን አፍ ለአፍ እንተያያለን። መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አለፈ፤ ሳተላይት አይጠብቅም። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ፕላዝማው ቀጣዩ ምዕራፍ ላይ ደርሷል።

ፕላዝማን ለማጣጣል አይደለም። ልብ ደም ስትረጭ በእንቅስቃሴ ያየሁት መጀመሪያ በእሱ ነው፤ በጠመኔ ያንን ማሳየት አይቻልም። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፦ ማቆሚያ። ክፍሉ ውስጥ ካለነው መካከል አንድም ሰው "ቆይ፣ አልገባንም" ብሎ ሊያቆመው አይችልም። አስተማሪ ሆኜ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ የምመኘው ያንኑ ትምህርት ነው፤ ግን ማቆሚያው ተማሪው እጅ ላይ ሆኖ።

የመጀመሪያዋ ሰርቨር ቤቴ የነበረው ዴስክቶፕ ነበር። ወደ 60 ዋት ይበላል፤ ቀንና ሌሊት ከሠራ በወር 43 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። ማራገቢያው ደግሞ እንደ ወፍጮ ነው፤ ባለቤቴ "ይሄ ሳጥን ካልተኛ እኛም አንተኛም" ብላ ማታ ማታ ታጠፋው ነበር።

ከዚያ 2014 መጣ። በጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው እኛም ቤት ዘግተን ወጣን። ቦርሳዬ ውስጥ ከልጆቹ ልብስ ጋር አንዲት 1 ቴራ ዲስክ ነበረች። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ነፃ ሲሆኑ ተመለስን። ዴስክቶፑ የለም። ትምህርት ቤት ስሄድ የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ የቀረው ጠረጴዛና የተቆረጠ ኬብል ነው። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ብዙ ጽፏል፤ ከእኔ የባሰ ያየ ስላለ አልደግመውም። ዲስኳ ላይ ግን የሰባት ዓመት የፈተና ወረቀት፣ የተማሪዎች ፕሮጀክት፣ የምረቃ ፎቶ ሁሉ ነበር።

ከተመለስን ጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ የድሮ ተማሪዬ በር አንኳኳ። ቤታቸው ተዘርፎ ሰነዶቹ ጠፍተዋል። "ቲቸር፣ ያኔ ለሥራ ማመልከቻ ስካን ያደረግንልኝ የአሥረኛ ክፍል ሰርተፊኬት... አለች ወይ?" አለ፤ ተስፋ አድርጎ የመጣም አይመስልም። ከፈትን፣ አለች። ስካን ዋናውን አይተካም፤ ግን የመለያ ቁጥሩ ላይዋ ስላለ ምትክ ለማውጣት መነሻ ሆነችው። ወረቀቷን ፕሪንት አድርጌ ስሰጠው በሩ ላይ ቆሞ የራሱን ስም ደጋግሞ አነበበ። "ሒሳብ ቢ ማምጣቴን ረስቼው ነበር" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ይሄ ነገር ለእኔ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አልሆነም።

ወሬው ጎረቤት ደረሰና የቤት ካርታ፣ የልጅ የልደት ወረቀት፣ የሟች አባት ፎቶ ይዞ የሚመጣ በዛ። ለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ እያንዳንዱ ሰው ፋይሉን ራሱ በመረጠው ፓስዋርድ ይቆልፋል፤ እኔ አላየውም፣ ልከፍተውም አልችልም። እናቴ ሰምታ "እና ቁልፉን ከረሱትስ?" አለችኝ። ከረሱት ተረሳ ነው። ስለዚህ ፓስዋርዱን ወረቀት ላይ ጽፈው የሚያምኑት ዘመድ ጋር እንዲያስቀምጡ እነግራቸዋለሁ። ኮምፒውተር አዋቂዎች ይስቁ ይሆናል፤ እኛ አገር ግን ከዘመድ የሚበልጥ የፓስዋርድ ማስቀመጫ አላየሁም።

አሁን ወደ ውስጧ እንግባ። መጀመሪያ ኪዊክስ። በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ዊኪፒዲያን እንዳለ አንድ ፋይል አድርጎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነፎቶው 100 ጊጋ ገደማ ነው፣ ያለ ፎቶ ግማሽ ያህሉ ይበቃዋል። የአማርኛው ግን ተራ ፍላሽ ላይ ይገባል። የእንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ሲኖረው የእኛ 15 ሺህ አካባቢ ነው። ይሄን ለተማሪዎች ስነግራቸው ዝም ይላሉ። ዝም አትበሉ፣ ጻፉ እላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ኮሊብሪ ነው፤ የካን አካዳሚን ቪዲዮና መልመጃ ያለ ኔት ያስኬዳል፤ ተማሪው የቱ ጋ እንደቆመ ለመምህሩ ያሳያል። ማቆሚያው ያለው እዚህ ጋ ነው! አንድ ተማሪ ስለ ሎጋሪዝም የሚያወራ ቪዲዮ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እየመለሰ እንደሚያይ ብታዩ። ሦስተኛው ፌት ነው፤ ካርል ዊማን የተባለው የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው የቤተ ሙከራ ማስመሰያ። ባትሪና አምፖል በስልክ ላይ እየቀጠሉ ሰርኪዩት መሥራት ይቻላል፤ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍና የቆዩ የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች። የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ስላልደረሰ ልጆቹ ፒዲኤፉን ያወርዱ የነበረው በቴሌግራም ነው። በየካቲት 2015 ቴሌግራም ሲታገድ፣ ክረምት ላይ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ብዙ ወራት ሲቆይ፣ መጽሐፉም አብሮ ተቋረጠ።

ያኔ ነው ልጆቹ በእውነት መምጣት የጀመሩት። በረንዳችን ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ ፒዲኤፍ ይጭናሉ፣ ለጓደኛቸው በብሉቱዝ ያሻግራሉ። ከአንድ ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያቺ ቁጥር ሁሉም ጭንቅላት ውስጥ አለች። አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ የአዲስ አበባ ልጆች አሁን ዩቲዩብ እያዩ ነው አይደል?" አለችኝ። አብሽሪ፣ አንቺም ተቀምጠሽ እያየሽ ነው አልኳት። (ለነገሩ በወቅቱ ከዊኪፒዲያው ገጾች በብዛት የተከፈተው ኒውተን እንዳይመስላችሁ፤ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ነው።)

ማሻሻሉ በአብዛኛው የመብራት ጉዳይ ነው። ዴስክቶፕ ትቼ ወደ ላፕቶፕ የመጣሁት ለዚህ ነው፤ ላፕቶፕ ዩፒኤሱን በሆዱ ይዞ ይዞራል። ስክሪኑ ጠፍቶ 15 ዋት አካባቢ ይበላል፣ በወር 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሞላ ነው። ሁሌ ቻርጅ ላይ የሚውል ባትሪ እንዳያብጥ ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ አደረግሁ። ባትሪው ወደ 20 ሲወርድ ራሷን በሥርዓት ታጠፋለች፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ማንም ሳይነካት ትነሳለች፤ ይሄ ቅንብር ቲንክፓድ ባዮስ ውስጥ አለ፣ ፈልጉት። ራውተሯ ግን ባትሪ የላትም። የምትሠራው በ12 ቮልት ነው፣ የባጃጅ ባትሪም 12 ቮልት ነው! በመሃል ቮልቴጅ የምታስተካክል ትንሽ ቦርድ አድርጌ ከ32 አምፒር ባትሪ ጋር አገናኘኋት። ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 190 ዋት ሰዓት ነው፤ ራውተሯ 6 ዋት ከበላች ከ30 ሰዓት በላይ ትቆያለች። ኢንቨርተር አትግዙ፤ 12ቱን ወደ 220፣ መልሶ ወደ 12 መቀየር መንገድ ላይ ኃይል ማፍሰስ ነው።

መንትያዋ ኮምቦልቻ ታናሽ ወንድሜ ቤት ናት። ደሴ ብርዱ የተፈጥሮ ማቀዝቀዣ ነው። ኮምቦልቻ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ነው ያለችው፣ ሙቀቱንና አቧራውን ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ያለችው ማራገቢያዋ በየወሩ ካልጸዳ መንፈቅፈቅ ትጀምራለች። አዲስ ነገር የሚሄድላት በዲስክ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረጎን በሚኒባስ እወርዳለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 500 ጊጋ ካደረስኩ በሰከንድ ከ1 ጊጋቢት በላይ ፍጥነት ነው፤ ይሄን ኔት የትም አታገኙትም፣ ረዳቱም እስካሁን ለዲስኩ ሒሳብ አልጠየቀኝም። የኩባ ሰዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ኤል ፓኬቴ በሚሉት፣ በየሳምንቱ 1 ቴራ ገደማ ፊልምና ፕሮግራም በዲስክ ከእጅ ወደ እጅ አገር ያዳርሳሉ።

ሦስተኛ ቅጂ ደግሞ ሩቅ ከተማ እህቴ ጋር አለ። የባለሙያዎቹ ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ይሄ ርቀት ለቤት ቃጠሎ ይበቃል፣ ለ2014 አልበቃም።

ሰሞኑን የምሠራው የፊደል ነገር ነው። ልጆቹ "ሀይል" ብለው ሲፈልጉ ጽሑፉ "ኃይል" ስለሚል ምንም አይመጣም። "ፀሐይ" ደግሞ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ እናንተው ቁጠሩት። የፈተናዎቹ ማውጫ ላይ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እየመለሰች የምትፈልግ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ጻፍኩ። አጻጻፉ እንዳለ ይቀመጣል፣ ፍለጋው ብቻ ነው የሚላላው። የአማርኛ መምህራን ባልደረቦቼ ካዩት በኋላ ሁለት ቀን ሰላምታ ቀንሰውብኝ ነበር፤ አሁን ታርቀናል።

ስለ ዋጋ ለጠየቃችሁ፣ ብር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ነገ አይሠራም። ውዱ ዲስኩ ነው፤ ሌላው ሁሉ ያገለገለ ይሆናል። ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ቤታችሁ ካለ ለጥገና ቤት በዕቃ ዋጋ አትስጡት፤ እኔ ጋ አምጡት፣ ጭኜ እመልስላችኋለሁ። ባዶ ዲስክ ይዞ የመጣ ደግሞ ሙሉውን በነፃ ይገለብጣል፤ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ምሳ በልታችሁ ኑ።

የኮምቦልቻዋን ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ተረክበዋታል። ሴቶች ናቸው፣ ሊኑክሱን ከእኔ በፍጥነት ነው የለመዱት። ባለፈው ቅዳሜ ስወርድ የአድሚን ፓስዋርዱን ቀይረውት አገኘሁ። እስካሁን አልነገሩኝም።