በማልሩባ ስም ከሚጠሩ ውኃዎች ዳር

አሼግ፣ ስካይ ደሴት። በስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የምዞረው የአንድ መነኩሴ ዱካ ፍለጋ ነው። ማልሩባ ይባላል፤ የትውልድ አገሩ አየርላንድ ነው። ዜና መዋዕሎች ስለ እሱ የሚሉት ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ671 ከባንጎር ገዳም ወጥቶ ባሕር ተሻገረ፣ በ673 አፕልክሮስ ላይ ገዳም ገደመ፣ በ722 በ80 ዓመቱ ዐረፈ። በዘመኑ የጻፈው ሰው ኖሮ እጃችን የገባ ገድል የለም። የአገሩ ሰው ግን ስሙን ለመሬቱና ለውኃው ሰጥቶታል። ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ ሲዋረድ አጥሮ “ማሪ” ሆኗል፤ አንዳንድ ቦታም ከሌላ ቃል ጋር ተጣብቆ ለመለየት ያስቸግራል።

አሼግ በጌሊክ ቋንቋ መሻገሪያ ማለት ነው። ሙሉ ስሙ የማልሩባ መሻገሪያ ነበር። ሰዎቹ ሲተርኩ መነኩሴው ከአፕልክሮስ በጀልባ መጥቶ እዚህ ይወርድ፣ ደወሉን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሕዝቡን ይሰበስብ ነበር ይላሉ። ዛሬ ከድሮው የመቃብር ስፍራ አጠገብ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። ደሴቱንና የብሱን የሚያገናኘው ድልድይ ከተከፈተ ከ1995 ወዲህ ወደ ስካይ ለመግባት ጀልባ የግድ አይደለም። ስፍራው ግን አሁንም መሻገሪያ ነው የሚባለው። በዚሁ ደሴት ደቡብ ኪልማሪ አለ፤ የማልሩባ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው።

ከዚያ ድልድዩን ተሻግሬ፣ በሎኽካረን በኩል አድርጌ ወደ አፕልክሮስ የሚያስገባውን ተራራ ወጣሁ። መንገዱ ብያላኽ ና ባ ይባላል፤ የከብት ማለፊያ እንደማለት ነው። አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ መንገድ እየተጠማዘዘ 626 ሜትር ከፍታ ላይ ያወጣል። ጫፉ ላይ ቆሜ ባሕሩን ከነደሴቶቹ ሳየው ማልሩባ በዚህ በኩል እንዳልመጣ ገባኝ። መንገዱ ባሕሩ ነበር። በእሱ ዘመን ተራራው የሚለያየውን ሰው ውኃው ያገናኘው ነበር፤ በስሙ ከሚጠሩት ቦታዎች ብዙዎቹ ውኃ ዳር የሆኑት ለዚህ ይመስለኛል።

አፕልክሮስ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው በስሙ ውስጥ ፖምና መስቀል ይሰማል፤ ሁለቱም የሉበትም። የጥንቱ ስም አፖርክሮሳን ነው፤ ክሮሳን ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ማለት ነው። “አፖር” የፒክቶች፣ በጥንቱ የስኮትላንድ ሰሜን የኖሩት ሕዝብ፣ ቃል ነው፤ በአበርዲን ስም ውስጥ ያለውም ይኸው ቃል ነው። የፒክቶች ቋንቋ ከጠፋ ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በቦታው ጌሊክ ተተካ፤ ዛሬ ደግሞ ጌሊክ ራሱ ለእንግሊዝኛ ቦታ እየለቀቀ ነው። የቦታው ስም ግን ሁለቱንም ለውጥ ተሻግሮ እዚህ ደርሷል።

ጌሊክ ተናጋሪዎቹ አካባቢውን የሚጠሩት በሌላ ስም ነው፤ አ ኾምሪኽ ይሉታል፣ መማጸኛው ማለት ነው። በገዳሙ ዙሪያ ስድስት ማይል ድረስ ያለው ምድር የተከለለ ነበር፤ ደም ያለበትም ሆነ አሳዳጅ ያለበት ሰው ድንበሩን ካለፈ አይነካም። ከማልሩባ ስም ይልቅ ይህ የበለጠ ልቤን ነካው። ለመንደሩ የተረፈው የመሥራቹ ስም ሳይሆን መሥራቹ ለተሳዳጅ የሰጠው ከለላ ነው።

ከወንዙ አፍ አጠገብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መግቢያ አንድ ረጅም የድንጋይ ጽላት ቆሟል፤ የተቀረጸበት መስቀል ደብዝዞ በጭንቅ ይታያል። ውስጥ፣ ሣሩ መሐል፣ ሁለት ክብ ድንጋዮች የማልሩባ መቃብር ምልክት ናቸው ይባላል። ጥንት መንገድ የሚሄድ ሰው ከመቃብሩ አፈር ቆንጥሮ ይይዝ ነበር፤ እኛ አገር እምነት የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። አፈሩን የያዘ በደኅና ወደ አፕልክሮስ ይመለሳል ተብሎ ይታመን ነበር። ያንን ሳስብ ዜና መዋዕሉ ውስጥ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ትዝ አለችኝ፤ በ737 የማልሩባ ወራሽ ፋልቤ ከ22 መርከበኞቹ ጋር ጥልቅ ባሕር ውስጥ ሰጠመ ትላለች። በደኅና መመለስ እዚህ አገር ዋነኛው ጸሎት ቢሆን አያስገርምም።

ማሪ ሐይቅ። በሺልዴግና በቶሪደን አድርጌ ኪንሎኽዩ ገባሁ። የዚህ መንደር ስም የዩ ሐይቅ ራስ ማለት ነው፤ መንደሩ ያለው ግን በማሪ ሐይቅ ራስ ላይ ነው። ይህ የሚያሳየው ሐይቁ ቀድሞ ዩ ይባል እንደነበረና ኋላ የመነኩሴውን ስም እንደወሰደ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ውኃ ለአንድ ሰው ሲባል ስሙን ቀየረ። ዩ የሚለው ስም በባሕሩ በኩል ባለው ሰርጥና በወንዙ ላይ ቀርቷል።

ሐይቁ ላይ ካሉት ከስድሳ በላይ ደሴቶች አንዷ፣ ትንሿ፣ የማሪ ደሴት ትባላለች። ከማዶ ሆኜ ነው ያየኋት፤ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ናት። ጠበል ነበራት፤ አእምሮው የታወከ ሰው ወደዚያ ተወስዶ ይጠጣል፣ ከዚያ በጀልባ ዙሪያዋን እየተጎተተ ውኃ ውስጥ ይነከራል። በ1772 ያለፈው ተጓዥ ቶማስ ፔናንት ይህን ጽፏል። ከጠበሉ አጠገብ ያለ ባሉጥ ግንዱ ላይ ሳንቲም እየተመታ ይሰካበት ነበር፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በ1877 ደሴቷን ጎብኝታለች።

ስሙ ያለበትን ቦታ ሁሉ መነኩሴው ረግጦታል ማለት አይቻልም። ፐርዝሽር ውስጥ አምልሪ የማልሩባ መልካ ነው፤ አይላ ደሴት ላይ ኪላሮው አለ፤ በስተምሥራቅ ኪዝ ከተማ በስሙ ገበያ ይቆም ነበር። ግማሹን ተከታዮቹ፣ ግማሹንም ዘመዶቻቸውና ነጋዴዎች ወስደውት ሊሆን ይችላል። እኔ ስሞቹን የምወዳቸው ግን ለዚሁ ነው፤ ሰዎች በሄዱበት ሁሉ ይዘዋቸው ሄደዋል።

በ1656 የዲንግዎል ቀሳውስት ጉባኤ አፕልክሮስ ላይ ተቀምጦ የሕዝቡን ልማድ መዘገበ፦ ኦገስት 25 ቀን በሬ ለ“ሙሪ” ይታረዳል፤ ኮረብታ ላይ ወተት ይፈስሳል፤ ጉዞ ያሰበ ሰው ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ጭንቅላቱን ያስገባል፣ ከገባለት ይመለሳል ይባላል። ቀሳውስቱ ልማዱን ማጥፋት ነበር የፈለጉት፤ ሕዝቡ ስሙን እንዴት ይጠራ እንደነበር ዛሬ የምናውቀው ግን በእነሱ መዝገብ ነው። በ1678 ደግሞ አንድ የማኬንዚ ቤተሰብ በማሪ ደሴት በሬ አርዷል ተብሎ ተከሰሰ። ቤታቸው ውስጥ የታመመች ሴት ነበረች፤ ያረዱት እንድትድን ብለው ነው። ሃይማኖታቸው ቅዱሳንን መለመን ከከለከለ መቶ ዓመት አልፎ ነበር። ሲጨንቃቸው የጠሩት ግን አባቶቻቸው ሲጠሩት የሰሙትን ስም ነው፤ እኔ ልፈርድባቸው አልችልም።