መስከረም ከጓሮ ሲታይ

ብዙ ዘመን ውጭ ኖረን አዲስ አበባ የምንመለስ ሰዎች ጳጉሜ ሲያልቅ ከማናጣቸው ቅሬታዎች አንዱ «ወቅቱ ተዛብቷል» የሚለው ነው። እንቁጣጣሽ ሆኖ ዝናብ፣ መስቀል ደርሶ ጭቃ፤ አደይም እንደ ድሮው በየደጁ የለችም። ቅሬታው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን የሚያቀላቅል ይመስለኛል። ዝናቡ ዘገየ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ አቆጣጠራችን ስለተሳሳተ ነው። የአደይ መጥፋት ግን እውነት ነው፤ ተጠያቂው ደግሞ ሰማዩ ሳይሆን መሬቱን የያዝንበት መንገድ ነው።

የኖርንባቸው አገሮች ወቅትን በብርሃን መቁጠር አስለምደውናል። ዋሽንግተን ላይ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ሰዓት ይበልጣል፤ ዛፉም ቀኑ ማጠሩን አይቶ ቅጠሉን ያራግፋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ልዩነቱ 1 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ወቅት የሚለየው በዝናብ ነው፣ ዝናብ ደግሞ እንደ ፀሐይ ቀጠሮ አያከብርም፤ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ መጀመሪያ ሰሜኑን፣ ቆይቶ መሀሉን ይለቃል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ነው፤ ዘመነ ጽጌም የሚገባው መስከረም 26 ቀን ነው። እንቁጣጣሽም፣ መስከረም 17 የሚውለው መስቀልም ክረምቱ ሳይወጣ የሚከበሩ በዓላት ናቸው ማለት ነው። ደመራ ላይ ቢያካፋ የተዛባ ነገር የለም። እኛን «ክረምቱ ወጣ» ያሰኘን የትምህርት ቤቱ መከፈትና ከማለዳ ጀምሮ የሚለቀቀው የበዓል ዘፈን ነው።

ጓሮው ግን ዘፈን አይሰማም። መጀመሪያ የሚለወጠው ሌሊቱ ነው። ደመናው ሲሳሳ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት የሚያቅብላት ታጣለች፤ ሳይዘንብ ባደረበት ጠዋት የጎመኑ ቅጠል በጤዛ ርሶ ይገኛል። ክረምቱ ወጥቶ እንዴት ብርድ ጨመረ ብሎ የሚገረም ተመላሽ አለ፤ ደጋ ላይ ግን ውርጭ የሚያሰጋው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ከሌሊቱ ቀጥሎ አፈሩ ይናገራል። በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር መረሬ ነሐሴ ላይ እግር ይውጣል፤ ዝናቡ ሲለቅ ላዩ ይጠነክራል፣ በጋው ሲገፋ ይሰነጠቃል። ሽምብራና ጓያ የሚዘራ ገበሬ የሚጠብቀው የዝናቡን መልቀቅ ነው፤ ዘሩ የሚያድገው ከላይ በሚወርድ ዝናብ ሳይሆን አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ነውና። ሙጃው አናቱ ላይ ፍሬ ይቋጥራል፣ ንቦቹም በጥቅምትና በኅዳር ለሚቆረጠው ማር ይሯሯጣሉ። «በዓመት አንዴ የምትመጣ» የምንላት የመስቀል ወፍ ሳትቀር ምስክር ናት። አትሄድም፣ አትመጣም፤ ወንዱ በዝናቡ ወራት ደማቅ ላባ ለብሶ ይታያል፣ ሲያወልቀው ድንቢጥ መስሎ ከመካከላችን ይኖራል። ጠፋ የምንለው ሳናውቀው በአጠገባችን ሲያልፍ ነው።

አደይን ግን በዚህ ማስተባበል አይቻልም። ዘሯ አፈር ውስጥ ከርሞ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል። የሚያሻት አትክልተኛ አይደለም፤ ያልተደፈነ መሬት እና ዘሯ እስኪረግፍ የማያጭዳት ሰው ይበቃታል። ሁለቱም ከከተማው እየጠፉ ነው። ግቢው ሲሚንቶ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ሆኗል፤ የተረፈው ሣር በየጊዜው ይቆረጣል። ከተማ መሠራት የለበትም ወይ፣ ለእናንተ ትዝታ ተብሎ ጭቃ ይቦካ ወይ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጭቃውን የሚረግጠው እዚህ የሚኖረው ሰው እንጂ ለሦስት ሳምንት የመጣው እንግዳ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በየጎዳናው ዳር የተተከለው ሣርና አበባም ያምራል፣ ማማሩን አልከራከርም። ውሃ እየጠጣ በጥርም እንደ መስከረም ስለሚለመልም ግን ወሩን አይነግርም። ጉድለቱ ይኸው ብቻ ነው፤ ለመሙላትም ከአጥር ሥር አንድ እርምጃ ስፋት ያለው አፈር መተው ይበቃል፣ መንገድ ማፍረስ አያስፈልግም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። የአየር ንብረት እየተለወጠ ሳለ «አቆጣጠራችሁ ነው የተሳሳተው» ማለት እውነቱን መሸፋፈን አይሆንም? የደረሰ ጤፉን ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ የመታበት ገበሬ ሲያማርር ትዝታ እያወራ አይደለም፤ እሱን ማድመጥ ግዴታ ነው። ነገር ግን ዝናቡ የሚለቅበት ጊዜ ድሮም ከዓመት ዓመት ይለያይ ነበር። የቆየውን መለዋወጥ ከአዲሱ ለውጥ የሚለየው በየጣቢያው ለዓመታት የተመዘገበ ልኬት ነው፤ የተመላሽ ትውስታ ለዚህ አይበቃም። ትውስታችን ደግሞ የተመረጠ ነው። በአልበሞቻችን ያሉት የእንቁጣጣሽ ፎቶዎች የተነሡት ፀሐይ በወጣበት ሰዓት ነው፤ ጭቃውን ማን ፎቶ ያነሣል? አብዛኞቻችን የምንመጣው ለበዓል ነው፣ ከመስከረም 26 በፊትም እንመለሳለን፤ ክረምቱ በእርግጥ ሲወጣ ካየነው ዘመን አልፏል።

ደግሞም አደይን ከግቢ ያባረራት ኮንትራክተር ብቻ አይደለም። በጳጉሜ ለበዓሉ ተብሎ ግቢው ይጸዳል፤ አረም ተብሎ ከአጥሩ ሥር የሚታጨደው መካከል ሊፈነዳ ቀናት የቀሩት እንቡጥ አለ። በዋዜማው ደግሞ እቅፍ አደይ ከቄጤማው ጋር ከመንገድ ዳር ተገዝቶ ይገባል።