ከእግራችን በታች ስላለው መድኃኒት

ሰው ስለ መሬት ብዙ ይከራከራል፤ መሬት በውስጡ ምን እንደ ያዘ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። እኛ በአጣዬ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንሠራ፥ ስለ አንድ ስንዝር ድንበር ወንድም ከወንድሙ ሲካሰስ ዘወትር እንጽፋለን። ነገር ግን ከዚያች ስንዝር በተዘገነ አንድ እፍኝ አፈር ውስጥ፥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ሕያዋን እንዳሉ ባለ ጉዳዮቹ አያስቡትም።

በይፋት ቆላ የመጀመሪያው ዝናም በደረቀው መሬት ላይ ሲወርድ የሚሸተው መልካም ሽታ፥ አብዛኛው ስትሬፕቶማይሲስ ከሚባሉት የአፈር ተህዋስያን የሚወጣ ነው። ከእነዚሁም ብዙዎቹ ሌሎች ተህዋስያን እንዳያድጉ የሚከለክል ነገር ያመነጫሉ። ሊቃውንት ይህን አስተውለው፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1943 በአሜሪካ አገር በሰልማን ዋክስማን የምርመራ ቤት ደቀ መዝሙሩ አልበርት ሻትዝ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ፤ ይህም የሳንባ ነቀርሳን ለመፈወስ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። ደግሞም ከፊሊፒን ደሴቶች ከተወሰደ አፈር ኤሪትሮማይሲን ወጣ፤ ከእርሱም በ1980 በዛግሬብ ከተማ አዚትሮማይሲን ተሠራ።

በቄስ ትምህርት ቤት ሰው ከአፈር እንደ ተፈጠረ ተምረናል፤ መድኃኒቱም ከአፈር መሆኑን የተረዳነው ግን ኋላ ነው። እናታችን ትራኮማ ዓይናቸውን ይዟቸው፥ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት በወረንጦ እየነቀልንላቸው ኖርን፤ ፀጉሩ ግን እንደ ገና እየበቀለ ብሌናቸውን ስለ ፋቀው ብርሃናቸው ጠፋ። በ2001 ዓ.ም. በአማራ ክልል የወባና የትራኮማ ዘመቻ በአንድነት ሲጀመር፥ አዚትሮማይሲን ለሕዝቡ ያለ ዋጋ ታደለ። ልጆቻችንም ውጠውታል፤ ዛሬ ወረንጦው በቤታችን ለእሾህ ብቻ ነው።

ነገር ግን ይህ ሀብት ሊባክን ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት የሚገዛ፥ ትኩሳቱ ሲበርድለት የታዘዘለትን በገዛ ፈቃዱ የሚያቋርጥ፥ የተረፈውንም ለጎረቤት የሚሰጥ ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ደካማው ተህዋስ ይሞታል፤ ብርቱው ግን ተርፎ ይራባል፤ መድኃኒቱንም የማይፈራ ይሆናል። ያን ጊዜ ጉዳቱ ባጠፋው ሰው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ምንም ያላጠፋውን የጎረቤት ሕፃን ያገኘዋል።

ስለዚህ የቤተ ሰብ አለቆች የሆናችሁ ሁሉ፥ የልጆቻችሁን ፊት በየጊዜው አሳጥቡ፤ የታዘዘውንም መድኃኒት በልኩና በጊዜው ስጡ። ለልጅ የሚወረሰው ርስት ድንበሩ ብቻ አይደለም፤ የሚፈውስ መድኃኒትም ርስት ነውና ሳናባክን እናውርሰው።