«ሌላኛውን ወገን» ፍለጋ

ባለፈው ሴሚስተር የዜና አጻጻፍ መምህራችን አንድ አሳይመንት ሰጡን። ከአካባቢያችን አንድ ችግር መርጠን፣ የመንግሥትንም የተቃዋሚንም ሐሳብ አካተን ዜና እንድንሠራ ነው። ቀላል መሰለኝ። ጅጅጋ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ችግር ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ውኃን መረጥኩና በሚኒባስ ቀብሪ በያህ ወረድኩ።

እዚያ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘሁ። በሱማልኛ «ኤዶ፣ ውኃ እንዴት ነው?» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁና ባዶ ጀሪካኖቻቸውን አሳዩኝ። ባለ አህያ ጋሪው ምን ያህል እንደሚያስከፍላቸው፣ ዝናብ ሲጠፋ ዋጋው እንዴት እንደሚወጣ፣ ቢርካ ያለውና የሌለው ሰው ኑሮ እንዴት እንደሚለያይ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። (ቢርካ ለማታውቁት፣ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት የተለሰነ ጉድጓድ ነው።) የሻዩንም ሒሳብ አልተቀበሉኝም። ከአንድ የመንግሥት ኃላፊም መልስ አገኘሁ። «ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት እየሠራን ነው» አሉኝ። እንግዲህ ይህ የሚጠበቅ ነው።

የቀረኝ ተቃዋሚ ነበር። የአንድ ፓርቲ ኃላፊ ስልክ በሰው በሰው አገኘሁ። ሦስት ቀን ደወልኩ፤ በአራተኛው አነሱት። ስለ ውኃው ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉና «ከመንግሥት ጋር በመቀራረብ እየተነጋገርንበት ነው። ደግሞ ስሜን እንዳትጽፍ» አሉኝ። እንዴ! ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ሳያቸው የትኛው የማን እንደሆነ ለእኔ ለራሴ ተምታታብኝ።

በእርግጥ ፈሪ ብሎ መሳደብ ይቀላል። ጄል ኦጋዴን የሚባለው እስር ቤት የነበረው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። አብዲ መሐመድ ኡመር በ2010 መጨረሻ ከሥልጣን እስኪወርዱ ድረስ እንኳን መቃወም፣ ተቃዋሚ የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚጠራ አልነበረም። እናቴ እስከ ዛሬ ፖለቲካ ሲነሳ መስኮት ትዘጋለች።

ታዲያ ኦብነግ ጥቅምት 2011 አስመራ ላይ የሰላም ስምምነት ፈርሞ ሲገባ እኛ ሰፈር «አሁን ጠያቂ መጣ» ተባለ። ወዳጁ ያልሆኑት ሳይቀሩ ነበር እንዲህ ያሉት። ግን በክልላችን መስከረም 20 ቀን 2014 ምርጫ ሊካሄድ ሲቃረብ፣ የመራጮች ምዝገባው ችግር አለበት ብሎ ራሱን ከውድድር አወጣ። አቤቱታው ከባዶ የመጣ አይመስለኝም፤ ምርጫ ቦርድ ራሱ የክልሉን አቤቱታዎች ሲመረምር ነበር። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አጎቴ ቀለም የነካ ጣታቸውን ይዘው ሲመለሱ «ማንን መረጡ?» ብላቸው «የእኔ ሰው ጥሎኝ ሄደ፤ የቀረውን መረጥኩ» አሉኝ።

በዚያው መስከረም አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የኢዜማው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት፣ የአብኑ ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ። ሰው አገሩን ማገልገሉ አይከፋም። ነገር ግን እዚህ ያለው ሲወጣ፣ እዚያ ያለው ሲገባ፣ የጠያቂው ወንበር በሁለቱም በኩል ባዶውን ቀረ። ተቃውሞ ማለት እኮ ጠመንጃ ማንሳት ወይም መሳደብ ብቻ አይደለም። የቀብሪ በያህን የጀሪካን ዋጋ ይዞ ሄዶ «ለዚህ የተያዘው በጀት የት ገባ?» ማለትም ተቃውሞ ነው። ይህን ለማለት ለምን ኃላፊው እኔን፣ ምንም የማላውቀውን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ይፈራሉ? በጣም ያናደደኝ ይኸው ነው።

የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ በሌላኛው ወገን ቦታ ሻይ ሻጯን አስገባኋቸው። መምህሩ «እኚህ ነዋሪ ናቸው እንጂ ተቃዋሚ አይደሉም» ብለው ከ10 6 ሰጡኝ። ልክ ናቸው። ሴትየዋ ግን ስሜን ጻፍ ብለውኝ ነበር፤ ያውም ከነአባቴ።