ማሟሻ

ክረምት ላይ ደብረ ማርቆስ፣ የእናቴ ስልክ ጀርባው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ጠጋኙ ልጅ ክዳኑን ፈልቅቆ ባትሪውን አሳየን፤ ሆዱ የተነረተ ብርማ ከረጢት። «ጋዝ ቋጥሯል፤ እንዳይነኩት እማማ» አላት። እሷ ግን ፍርዷን ሰጠች፦ «ሳይሟሽ የመጣ ነው!»

ሳቅሁባት። ያፈርሁት ኋላ፣ የባትሪን የትውልድ ሐረግ ስቆጥር ነው።

አዲስ ምጣድ ጎመን ዘር እየጨሰበት፣ እየታሸ ካልጠቆረ እንጀራው አልነሳም ይላል። ሊቲየም ባትሪም ይሟሻል። ፋብሪካ ውስጥ መጀመሪያ ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሊቲየሙን በሚቀበለው ግራፋይት ላይ ይፈርስና ስስ ልባስ ይተዋል፤ ልባሱ ሊቲየሙን ያሳልፋል፣ ፈሳሹን ያግዳል። ከሊቲየሙም ጥቂቱ እዚያው ይቀራል። ጎመን ዘሩስ መች ይመለሳል?

ይህን ማሟሻ ለማግኘት ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1958 (እ.ኤ.አ.) በርክሌይ ውስጥ ዊሊያም ሃሪስ ለዶክትሬቱ ከመረመራቸው አሟሚዎች መካከል ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፦ ኤትሊን ካርቦኔትና ፕሮፒሊን ካርቦኔት። ልዩነታቸው አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን ነው። የመጀመሪያዋ ከ36 ዲግሪ ግድም በታች ትረጋለች፤ ማርቆስ ላይማ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ነች። ለባትሪው ሰው ሁሉ ወደ ሁለተኛዋ፣ ወደ ፈሳሿ አጋደለ። እሷ ደግሞ ከሊቲየሙ ጋር ተያይዛ በግራፋይቱ ንጣፎች መሀል ትገባና እንደ ሽንኩርት ትልጠዋለች። ጥፋቱ በግራፋይቱ ተላከከ።

የፌዝ ተወላጁ ራሺድ ያዛሚ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፈሳሹን ትቶ በጠጣር ፖሊመር ቢሞክረው ግራፋይቱ ሊቲየሙን ተቀብሎ መለሰ። (የ2019ኙ የሊቲየም ባትሪ ኖቤል ለጉዲናፍ፣ ለዊቲንግሃምና ለዮሺኖ ሲሰጥ የእሱ መታለፍ ዛሬም ይቆረቁረኛል።) በ1990 ካናዳ ውስጥ የጄፍ ዳን ቡድን የረጋችዋ እህት ግራፋይቱን እንደምታሟሸው አሳየ። ከዚያ ወዲህ ከቀጫጭን ካርቦኔቶች ጋር ተበጥብጣ ባትሪው ውስጥ ትገባለች።

የእናቴ ስልክ ታዲያ ምን ነካው? ድሮ የአባቴ የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። እሷም ብርዱ ስልኩን ሲያደክመው ከምድጃው አጠገብ ታሞቀው ኖሯል። ሙቀት ልባሱን ይሰብራል፤ ፈሳሹ እንደገና ይፈርሳል፣ እንደገና ያሟሻል፣ በየጊዜውም ጋዝ ይተፋል።

ይህን ሳስረዳት «ከመጠን በላይ ተሟሸ በላ!» አለች።

አዲሱን ስልክ ከምድጃው አርቃ፣ በነጠላ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ ታኖረዋለች። ስደውል አይሰማም።