በስዊዘርላንድ ተራሮች ያሉ የቆዩ ሆቴሎች

የስዊዘርላንድ የቆዩ የተራራ ሆቴሎች አብዛኞቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። እንግሊዛውያንና ሌሎች አውሮፓውያን አልፕስን ለማየት ሲጎርፉ፣ የእረኛ ጎጆ ብቻ በነበረበት ከፍታ ላይ ቤተ መንግሥት የሚመስሉ ማረፊያዎች ቆሙ። በሪጊ ተራራ አናት የመጀመሪያው ማረፊያ የተከፈተው በ1816 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባቡር ተራራውን መውጣት የጀመረው በ1871 ስለሆነ፣ እስከዚያ እንግዳው በእግሩ፣ በበቅሎ ወይም ሰዎች በሚሸከሙት ወንበር ይወጣ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካው ግን ከብሪየንዝ ሐይቅ በላይ፣ ከፏፏቴ ፊት ለፊት የቆመው ግራንድ ሆቴል ጊስባኽ ነው። በ1875 ተከፈተ። ከ1879 ጀምሮ እንግዶቹን ከጀልባ ማረፊያው የሚያወጣቸው በገመድ የሚጎተት ትንሽ ባቡር ዛሬም ይሠራል። በ1979 ሆቴሉ ተዘጋ፤ ሊፈርስም ተቃርቦ ነበር። የተፈጥሮና የቅርስ ተሟጋቹ ፍራንዝ ቬበር ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስበው በ1983 አዳኑት። እንዲህ ያለ ቤት በዜጎች መዋጮ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው።

በዚልስ ያለው ቫልድሃውስ ሆቴል ደግሞ ከ1908 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ነው።

በእነዚህ ቤቶች ወለሉ ይንቋቋል፣ ክፍሎቹም እኩል አይደሉም፤ ውበታቸውም እዚያው ነው። ብዙዎቹ ከዓመቱ የተወሰኑ ወራት ስለሚዘጉ፣ ተጓዡ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የሚከፈቱበትን ጊዜ ይጠይቅ።