የእማማ ዓድዋ

በልጅነታችን ጣልያን መሆን የሚፈልግ አልነበረም። ስለዚህ ጣልያን የሚሆኑት ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የሚመጡት የአክስቶቻችን ልጆች ነበሩ። ጫማ አላቸው፣ ኮፍያ አላቸው፣ ብርዱን አይችሉም፤ ለእኛ ይህ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነበር።

የአያቶቼ ግቢ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በአንጎለላ በኩል ነው፤ ዐፄ ምኒልክ የተወለዱበት አገር። በድንጋይ የተካበ አጥር፣ ሁለት ክብ ቤት፣ አንድ ጎተራ፣ ከጀርባ ሰፊ አውድማ። በየካቲት እህሉ ተወቅቶ ስለሚያልቅ አውድማው የእኛ ነው። ግቢው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ለዚያ ቀን ሌላ ስም ይወጣለታል። ከበሩ አጠገብ ያለው ትልቁ ጽድ ወረኢሉ፣ ምንጩ መቀሌ፣ የድንጋይ ቁልሉ ኪዳነ ምሕረት፣ የከብት መውረጃው ማርያም ሸዊቶ ይባላል። ዛሬም ቢሆን የቤተሰባችን ሰው ጥጃ ሲጠፋበት «መቀሌ ጋ ፈልገው» ሲባል ግራ አይገባውም።

የድሉ መቶኛ ዓመት የተከበረው በ1988 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመት መምህሩ አጎታችን «ዘንድሮ መሯሯጥ ብቻ የለም፤ እንደ ታሪኩ ነው የምንሠራው» አለና በደብተር ወረቀት ላይ ካርታ ስሎ ለጣልያኖቹ ሰጠ። ካርታው ሆን ተብሎ ተሳስቷል። የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ይዞት በመጣው ንድፍ ላይ የኪዳነ ምሕረት ስም ያለቦታው ተጽፎ ስለነበር፣ አልበርቶኔ በሌሊት ጉዞ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብዙ ርቆ ሄዷል። የእኛም አልበርቶኔ ወረቀቱን አምኖ ሄደና የጎረቤት ግቢ ገብቶ በውሻ ተከበበ። ባለቤቱ ሰውዬ እጁን ይዘው እየሳቁ አመጡት። እውነተኛው አልበርቶኔም ተማርኳልና አጎቴ በጣም ደስ አለው። ዳቦርሚዳ የሆነው ትንሹ ግን ከብት መውረጃው ላይ እንደሞተ ሲነገረው «አልሞትም!» ብሎ አለቀሰ። አሪሞንዲም ሞቷል፣ አንተ ብቻ አይደለህም ብንለው አልተጽናናም።

እኔ ፊታውራሪ ገበየሁን መሆን ነበር የምመኘው። በኅዳር አምባላጌ ላይ ጦርነቱን የጀመሩ፣ ዓድዋ ላይ ከፊት ሆነው የወደቁ፣ አጽማቸውም እዚያው አንጎለላ ኪዳነ ምሕረት ያረፈ የአገራችን ሰው ናቸው። «ዘራፍ! የአባባ አሽከር!» እያልኩ ለሳምንት ስለማመድ ቆይቼ የተሰጠኝ የውሃ ቅል ነው። «አንቺ እቴጌ ነሽ» ተባልኩ። አኮረፍኩ። እቴጌ ጣይቱ የመቀሌውን የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ውሃ በማስያዝ ጋሊያኖን ለቆ እንዲወጣ ያስገደዱ መሆናቸውን አጎቴ ምንጩ ዳር ወስዶ እስኪያሳየኝ ድረስ። ከዚያ በኋላ ምንጩን ያዝኩና ጣልያኖቹን ቀኑን ሙሉ ውሃ ከለከልኳቸው። እናታቸው መጥታ እስክትለምነኝ አልለቀቅኩም።

አባባ ጨዋታው ውስጥ አይገቡም። ማለዳ ከቀንድ ማንጠልጠያው ላይ ጋሻውንና ውጅግራውን አውርደው ደጃፉ ላይ ፀሐይ ያስመቱታል። ጋሻው የጎሽ ቆዳ ነው። ከውስጥ፣ መያዣው አጠገብ፣ ቆዳው ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ የአባታቸው የክንድ ላብ ነው ይሉናል። ውጅግራው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው። ከተተኮሰ በኋላ መከፈት፣ ቀለሁ መውጣት፣ ሌላ ጥይት መግባት አለበት፤ ይህን ሁሉ ባዶውን ጠመንጃ ይዘው ቀስ ብለው ያሳዩናል። ጥይት ባይኖረውም አፈሙዙን ወደ ሰው ማዞር ክልክል ነው።

«አባባ፣ አባትዎ ስንት ጣልያን ገደሉ?» እንላቸዋለን፣ በየዓመቱ።

«እሱን አልነገሩኝም» ይላሉ። «እግራቸው ስንቴ እንደተላጠ ግን ነግረውኛል።»

ይህ መልስ ያኔ አያስደስተንም ነበር። ቤተሰባችን ስለ ዓድዋ ከሚያውቀው ሁሉ ግን እውነተኛው ይህ ይመስለኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የተነሡት በጥቅምት 1888 ነው፤ ጦርነቱ የካቲት 23 እሑድ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። አንድ ቀን ተተኩሶ ለወራት ተሄዷል። መመለሻውም በእግር ነው።

የጉዞው ባለቤት ደግሞ እማማ ነበሩ። የባላቸው እናት ሙሽርነታቸው ሳይወጣ ከባላቸው ጋር ዘምተው የተመለሱ ሴት ናቸው። እማማ ወሬውን የሰሙት ወፍጮ ላይ፣ ከአማታቸው አፍ፣ መጅ እየተቀባበሉ ነው። አባባ ስለ ጋሻ ሲያወሩ እማማ ስለ ስልቻ ያወራሉ። ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ግቢው የሚሸተው የተቆላ ገብስ ነው። ገብሱ መጀመሪያ ይርሳል፣ ይታመሳል፣ በሙቀጫ ይሸከሸክና ገለባው ይለቀዋል። ተነፍቶ እንደገና ይቆላል፤ ከዚያ ወፍጮ። እማማ ዱቄቱን በጣቶቻቸው መሀል አሸት አድርገው ካልለሰለሰ ይመልሱታል። የመንደሩ የሞተር ወፍጮ ቅርብ ነው፤ ለዚህ ቀን ግን አይሆንም።

«በሶ ውሃ ካገኘ እሳት አይጠይቅም» ይሉናል። «ጭስ የለው፤ ጠላት በምን ያይሃል?»

አንድ ሕግ ነበራቸው። ስልቻውን ተሸክሞ ከጽዱ ሥር ተነሥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶ ያለውን አቀበት ወጥቶ ያልተመለሰ ልጅ አውድማው ላይ አይዋጋም። ለአምስት ዓመት ሕፃን ስልቻ ባይገኝ በነጠላ ጫፍ አንድ እፍኝ ይቋጥሩለታል። ወንዶቹ ይነጫነጫሉ፤ ጎራዴ ለመምዘዝ የመጣ ሰው ዱቄት ሲሸከም ምን ይባላል! አቀበቱ ላይ ግን ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ትንፋሽ የለማ።

በሶ መሬት ላይ ከፈሰሰ እማማ ይቆጣሉ። የሚቆጡበትን ምክንያት የተረዳሁት አድጌ ስለ ክፉ ቀን ሳነብ ነው። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ፣ ሕዝቡ በረሃብ ረግፎ ነበር። ዘመቻው የታወጀው ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ ነው። ያን ሁሉ ሠራዊት ያወጣው ጎተራ ገና ያላገገመ ጎተራ ነበር። ዓድዋ ሲደረስ ስንቁ እያለቀ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ይዘው ከዚያ ስለ መነሣት ያስቡ ጀምረዋል፤ በጦርነቱ ማለዳ ብዙው ሰው እህል ፍለጋ ተበትኖ ነበር። ባራቲየሪም ዘንድ የቀረው የጥቂት ቀን ቀለብ ነው። በአንድ ወገን ከሮማ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በቴሌግራም ያጣድፉታል፣ በሌላ ወገን ጎተራው ያጣድፈዋል። ትንሽ ቢቆይ ማን ቀድሞ ይበተን እንደነበር እንጃ! እማማ ይህን አንብበው አያውቁም። «ሁለት የተራበ ነው የተገናኘ» ይሉ ነበር፤ ከአማታቸው የሰሙትን።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የካቲት 23 ፒያሳ ወጥቼ ወጣቶቹን ማየት እወዳለሁ። ጎፈሩ፣ ለምዱ፣ ጋሻው፣ ፉከራው ያምራል። በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያም ልጆቼን ይዤ ጎብኝቻለሁ። ከአዲስ አበባ ዓድዋ ድረስ በእግራቸው የሚጓዙትን ደግሞ ከሁሉም በላይ አከብራቸዋለሁ፤ እማማ ቢያዩዋቸው «እነዚህስ ዘመቱ» ይሏቸው ነበር። አደባባዩ ላይ ግን ሁሉም የጦር መሪ ነው። ስንቅ ተሸካሚ የለም፣ አህያ ነጂ የለም፣ ቅል የያዘች ሴት ከመቶ አንዷ ብትገኝ ነው። በእኛ አውድማ እንኳ የተሻለ ተመዝኖ ነበር ብል ትምክህት አይሁንብኝ።

እማማና አባባ ዛሬ የሉም። ጋሻው አጎቴ ቤት ነው። ወፍጮው ግን ያለበት ቦታ ላይ አለ፤ ማን ያነሣዋል! ባለፉት ዓመታት ልጆቹን ሰብስበን እንደገና ጀምረነዋል፤ ጣልያን የሚሆን ዛሬም ይቸግራል፣ የከተማው ልጅ በዝቶ ግን ሠራዊታቸው ከእኛ በልጧል።

ለዚህ በዓል ልብስ የምታሰፉ ወገኖች፣ ስልቻም አሰፉ። አያት ያላችሁ ዘንድሮ ቶሎ ብላችሁ ጠይቁ፤ የእናንተ ዘማች በየት አድርጎ ሄደ፣ ምን በላ፣ ማን ፈጨለት። በሶውን ደግሞ በጨውና በውሃ ብቻ በጥብጡት፤ የዓድዋ ጦርነት የዋለው በዐቢይ ጾም ነው፣ ቅቤ አይገባም።